ቡናው እስኪሰክን

ጥያቄ፦ «የ38 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። አንድ ዓመት ገደማ ሆነኝ፤ ሐሳቤ አላርፍ ብሎኛል። ሥራ ቦታ ስለ ቤት፣ ቤት ስለ ሥራ አስባለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ እገላበጣለሁ። ጓደኛዬ መክራኝ የማሰላሰያ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ ግን ልቤ ጭራሽ ይመታል። እናቴ ያን ሁሉ ችግር ተሸክማ ቡና ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ይፈታ ነበር። እኔ በቀን አራት አምስት ማኪያቶ እጠጣለሁ፤ አንድም ቀን አላረጋጋኝም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ጀበናዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የእሷን ዓይነት እርጋታ ከየት ላምጣ?»

የሥነ ልቦና ባለሙያ ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣

ጥያቄዎን ሳነብ የያዘኝ ስለ ማኪያቶው የጻፉት ነው። እርስዎም እናትዎም የጠጣችሁት አንድ ፍሬ ነው፤ እሳቸውን ሲያሳርፍ እርስዎን ያባንናል። የመልሱ ግማሽ እዚያ ስላለ ከእሱ ልጀምር።

እናትዎን ያረጋጋቸው ካፌይን ሊሆን አይችልም። በአንጎላችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ እየተጠራቀመ የድካምን መልእክት የሚያደርስ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ቦታ ቀድሞ ይይዝና መልእክቱ እንዳይደርስ ያግዳል። ድካሙ ያው እንዳለ ነው፤ የታገደው ወሬው ብቻ ነው። ለጭንቀት የቀረበ ሰው ሲጠጣው ደግሞ ልቡ ይፈጥናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አእምሮም የሰውነቱን ሁኔታ አይቶ «አንድ የሚያሰጋ ነገር አለ ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ የሚሰጋበትን ነገር መፈለግ ይጀምራል። ለሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚያሰጋ ነገር አይጠፋም።

ሒሳብ ሠራተኛ ነዎትና ቁጥሩን አብረን እንሥራው። አንድ የኤስፕሬሶ መጠን 60 ሚሊግራም ያህል ካፌይን አለው። አምስት ማኪያቶ ወደ 300 ሚሊግራም ይጠጋል፤ ቡናው ጠንከር የሚልበት ቤት ከሆነ ከዚያም ያልፋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ድረስ ስጋት የለውም ይላል፤ ስለዚህ መጠኑ ብቻውን ከወሰን የወጣ አይደለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሰውነታችን የጠጣነውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጡት ማኪያቶ ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና በደምዎ ውስጥ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ይህን ብዙ ሴቶች አያውቁትም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያነቃዎት ነገር ሁሉ ከቡና ነው አልልም። ነገር ግን እሳቱ ላይ ጋዝ እየጨመሩ ነው።

ታዲያ የእናትዎን ፊት የፈታው ምንድን ነው? ከአቦል በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

እስኪ ያስታውሱት። ቡናው ሰፌድ ላይ ይለቀማል። በውሃ ይታሻል፣ ይታጠባል። ብረት ምጣዱ ይጣዳል። አረንጓዴው ፍሬ መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ ይንጣጣል፤ ዘይቱ ብቅ ይላል። ምጣዱ ከእሳት ወርዶ ጭሱ ለተቀመጠው ሁሉ ይዞራል፤ ሰው በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ያሸታል። ይወቀጣል። ጀበናው ይጣዳል፤ ሲገነፍል ብድግ ይደረጋል። በመጨረሻም ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ ይቀመጥና ሁሉም ይጠብቃል። ምን እስኪሆን? እስኪሰክን።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ከእኔ ሙያ ቀድሞ ሄዷል። አተላው ወደ ታች ወርዶ ቡናው ሲጠራ «ሰከነ» እንላለን፤ የተጣደፈን ሰው ደግሞ «ሰከን በል» እንለዋለን። ሁለቱም ጋ ያለው ሥራ ተመሳሳይ ነው። ጀበናውን እየነቀነቁ ቡና ማስከን አይቻልም፤ ዝም ብሎ አስቀምጦ ጊዜ መስጠት ነው።

አሁን ወደ መተግበሪያው ልመለስ። ዐይንዎን ሲጨፍኑ ልብዎ መምታቱ የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። የተጨነቀ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ ሲያዳምጥ መጀመሪያ የሚሰማው ያንኑ የሚሸሸውን የልብ ምት ነው። በተለይ ሐዘን ወይም የደረሰበት ክፉ ነገር ያለ ሰው በዝምታ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ሲፋጠጥ ሊብስበት እንደሚችል እኛ ባለሙያዎች እናውቃለን። ይህን መንገድ ለሕክምና ዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠናቸውን ሲጀምሩ ተሳታፊዎችን መጀመሪያ ካሠሯቸው መልመጃዎች አንዱ አንዲት ዘቢብ መብላት ነበር። ዘቢቧን ማየት፣ በጣት ማገላበጥ፣ ማሽተት፣ ምላስ ላይ ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማኘክ። ዐይን ተከፍቶ፣ እጅ እየሠራ። የመንገዱ በር ድሮውንም ተራ ነገር ነበር ማለት ነው። አንድ ዘቢብ የሚበቃ ከሆነ አንድ ሰፌድ ቡና ምን ያንሰዋል?

በእኛ ቋንቋ ይህ «ቀልብን መሰብሰብ» ይባላል፤ እኔም ከማንኛውም የትርጉም ቃል ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ቀልብ ይበተናል፣ ይሸሻል፣ ይሰበሰባል። በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በየቀኑ በድንገት እየጠየቁ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» ይሏቸው ነበር። ሰዎቹ ከነቁበት ጊዜ 47 በመቶ በሚሆነው ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጭ ነበር፤ በዚያ ጊዜም ደስታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሥራ ላይ ሆነው ስለ ቤት፣ ቤት ሆነው ስለ ሥራ የሚያስቡት እርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት ብዬ ነው ይህን የጠቀስኩት።

የቡና ሥራ ቀልብን እንዴት እንደሚሰበስብ ልብ ይበሉ። መተግበሪያው ሐሳብዎ ሲሸሽ አያውቅም፤ የተቀዳው ድምፅ መናገሩን ይቀጥላል። ምጣድ ላይ ያለ ቡና ግን ያውቃል። ስለ ነገው ስብሰባ ማሰብ በጀመሩ ቅጽበት ያርራል፤ ሽታው ይጠራዎታል፤ ማማሰል ይቀጥላሉ። ያ መመለስ ነው መልመጃው። አንድ ሰው በአንድ ቁሌት ውስጥ አሥር ጊዜ ሄዶ አሥር ጊዜ ቢመለስ መልመጃውን አሥር ጊዜ ሠራ እንጂ አሥር ጊዜ ወደቀ አይባልም። ይህን ለሚያማክሩኝ ሰዎች ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሐሳቡ በሸሸ ቁጥር ራሱን ይወቅሳል፤ ወቀሳው ከሐሳቡ የበለጠ ያደክመዋል።

አተነፋፈስም አለ። አየር የምናስወጣበት ጊዜ ከምናስገባበት ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ዝግ ያደርጋል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ መተንፈስ፣ ማለትም 5 ሰከንድ አስገብቶ 5 ሰከንድ ማስወጣት፣ በጥናት ደጋግሞ የታየ ዘዴ ነው። ለእርስዎ ግን ሰከንድ መቁጠር አላዝዝም፤ ሲቆጥሩ ሊጨነቁ ይችላሉና። ትኩስ ሲኒ በሁለት እጅ ይያዙና ሳይቸኩሉ «እፍ» ይበሉበት። ቡና ለማቀዝቀዝ የሚደረግ እፍታ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ እናትዎ በየቀኑ ሳያውቁት ሲሠሩት የኖሩት ነገር ነው።

እንግዲህ የማዝዝልዎት ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ ቡና ከጥሬው ጀምረው ያፍሉ። ስልክዎ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አጠገብዎ እስካለ ድረስ ግማሽ ቀልብዎ እሱ ጋ ነው። ቴሌቪዥኑም ይጠፋ። ሲለቅሙ ጣትዎን ይመልከቱ፣ ሲያጥቡ የውሃውን ቅዝቃዜ ይሰሙ፣ ሲወቅጡ የዘነዘናውን ምት ይከተሉ። ሌላ ነገር ማሰብ የለብኝም ብለው አይታገሉ፤ ሐሳብ ሲመጣ ይምጣ፣ ከዚያ ወደ እጅዎ ይመለሱ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ ከሰል እንዳያነዱ። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ይገድላል፤ በአገራችን በተዘጋ ክፍል ባደረ ከሰል ያለቁ ቤተሰቦች አሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠቀሙ፤ ያለ ከሰል አይሆንልኝም ካሉ በረንዳ ላይ ያድርጉት። ዕጣኑንም መስኮት ከፍተው፣ ትንሽ ብቻ። እምነትዎ ዕጣን ወይም ቄጤማ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይቅሩ። እኔ የማየው የእጁን ሥራና ጥበቃውን ነው፤ ያንን ዳቦ በማቡካትም ማግኘት ይቻላል።

ሲቀዳ አቦሉን ለእንግዳ ሰጥተው እርስዎ ከቶናው ይጀምሩ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚፈላው በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ስለሆነ አብዛኛው ካፌይን በአቦሉ ወጥቷል። በረካ ላይ የሚደርሰው ቀጭን ነገር ነው፤ ለእርስዎ የሚስማማዎትም እሱ ነው።

እንግዳ አልኩ። እናትዎ ብቻቸውን ጠጥተው እንደማያውቁ እገምታለሁ። ቡና በእኛ ዘንድ ጎረቤት የሚጠራበት ምክንያት ነው፤ ሦስቱ ዙር ደግሞ ሰው ቶሎ እንዳይነሳ ይይዛል። በአቦል ስለ ኑሮ ውድነት የተወራው በበረካ ወደ ልብ ጉዳይ ይወርዳል። ስለዚህ አንዲት ጎረቤት ይጥሩ። ማንን እንደሚጠሩ ግን ያስቡበት። አንድን ችግር ከወዳጅ ጋር እየመላለሱ ማብላላት ወዳጅነቱን እያጠበቀ ጭንቀቱን እንደሚያብስ በጥናት ታይቷል፤ በየቡናው አንዱን በደል እንደ አዲስ የሚቆላ ሰው አለ። የምታስቅዎት፣ የምትሰማዎት፣ ዝም ማለትም የምትችል ሴት ከሕንፃው ውስጥ አትጠፋም።

ማኪያቶውን በአንድ ቀን አያቁሙት። በድንገት ያቆመ ሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ብስጭቱና ድካሙም እስከ ዘጠኝ ቀን ሊዘልቅ ይችላል። በየአራት ቀኑ አንድ እየቀነሱ ጠዋት ወደሚጠጡት አንድ ወይም ሁለት ይውረዱ። ከቀትር በኋላ ምንም አይኑር። ምሽት ላይ አንድ ነገር በእጅዎ መያዝ ከፈለጉ የጦስኝ ሻይ አለ፤ ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ጨምረው ሽታው ቤቱን እስኪሞላ አጠገቡ ይቁሙ።

በየቀኑ የሚሆን አጭር ነገርም ያስፈልግዎታል፤ ቅዳሜ ብቻውን ሳምንቱን አይሸከምም። ከእራት በኋላ ዕቃ የሚያጥቡት እርስዎ ከሆኑ እሱን ይምረጡ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2015 በታተመ ጥናት 51 ተማሪዎች ዕቃ እንዲያጥቡ ተደረገ፤ ገሚሶቹ አስቀድመው የውሃውን ሙቀት፣ የሳሙናውን ሽታ፣ የሳህኑን ልስላሴ ልብ እያሉ ስለ ማጠብ የሚናገር ጽሑፍ አንብበው ነበር። በእነዚህ ላይ መረበሽ በ27 በመቶ ቀነሰ፤ በሌሎቹ ላይ ለውጥ አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልመዝንበትም፤ በምክር ክፍሌ ከማየው ጋር ግን ይስማማል። ባለቤትዎና ልጆችዎም ተራ ቢይዙ ደስ ይለኛል። ሸክምን ሁሉ ለአንዲት ሴት አሸክሞ «ልብ እያልሽ ተሸከሚው» ማለት ምክር አይባልምና።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲነቁስ? ሰዓት አይመልከቱ። ሃያ ደቂቃ ያህል የተገላበጡ ሲመስልዎት ከአልጋ ይነሱ፤ አልጋ የጭንቀት ቦታ መሆኑን ሰውነትዎ እንዳይለምድ ነው። ደብዛዛ መብራት ሥር ተቀምጠው አንድ ቀላል የእጅ ሥራ ይሥሩ። እጅዎ ዳንቴል ከቻለ ከዚያ የተሻለ አላውቅም፤ ክሩ ይጠመጠማል፣ ይሳባል፣ ይደገማል፣ አእምሮም ዝም ይላል። እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሱ። ካልመጣም ደግመው ይነሱ።

መቼ ለውጥ አያለሁ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በለንደን በተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት 96 ሰዎች አንዲት አዲስ ልማድ መርጠው በየቀኑ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ ልማዱ ሳያስቡት የሚመጣ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ አንዳንዱን 18 ቀን፣ ሌላውን 254። አንድ ቀን መዝለል ጉዳት እንደሌለውም ታይቷል። አንድ ቀን ቢቀርብዎት ልብዎ የሚሸበር፣ ሲኒው በዚህ በኩል ካልዞረ ክፉ ነገር ይመጣል የሚል ስሜት የሚያድርብዎት ከሆነ ግን ሥርዓቱ ወደ ሌላ ዓይነት ጭንቀት እየተለወጠ ነውና ያቁሙትና ባለሙያ ያማክሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ጀበናው።

«ሐሳቤ አላርፍ አለኝ» ያሉት ለአንድ ዓመት ነው፤ እናትዎ ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጀበናውን አልጣሉትም፣ አልተጠቀሙበትም፤ ጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡት። ሐዘንዎንም እንዲሁ ያደረጉት ይመስለኛል። የሥራ ጥድፊያ ሰው እንዳያለቅስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ያልተለቀሰ ሐዘን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስሙን ቀይሮ ይመጣል። ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ወር መጨረሻ ሒሳብ መስሎ ይመጣል። ከሩቅ ሆኜ ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላያረጋጋዎት ይችላል። የምናየውና የምንሰማው ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሽታ ግን ከአፍንጫ ተነስቶ ስሜትና ትዝታ ወዳሉባቸው ክፍሎች፣ ወደ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ፣ በአቋራጭ ይገባል። የተቆላ ቡና ጭስ ሲሸትዎት እናትዎ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ያህል ሊሰማዎት ይችላል። እንባው ከመጣ ምጣዱን ከእሳት ያውርዱና ያልቅሱ። ልጆችዎ ቢያዩዎት አይደብቁ፤ «አያታችሁ ትዝ ብላኝ ነው» ይበሏቸው። ከዚያ ቡናው ካላረረ ይቀጥሉ፤ ካረረም ሌላ ይለቀማል።

ከሁለት ወር በኋላም እንቅልፍዎ ካልተመለሰ፣ ወይም ከዚያ በፊት ምግብ ከከለከለዎት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገር ሁሉ ካስጠላዎት፣ መኖር ትርጉም አጣብኝ የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜም ቢሆን ከመጣብዎት፣ ቡናም ዳንቴልም አይበቃም። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ሁለት ወር አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስን በመሰሉ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «አማኑኤል ሄደች» ይሉኛል ብለው የሚፈሩ ከሆነ፣ ያ ፍርሃት ስንቱን ሰው ለዓመታት በዝምታ እንዳሠቃየ አይቻለሁና ለእሱ አይሸነፉ። በዚያውም ሐኪም የእንቅርት ዕጢዎን ሥራና የደም መጠንዎን እንዲያይልዎት ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ልክ እንደ ጭንቀት ሆኖ ይታያል።

ጀበናውን ሲያወርዱ መጀመሪያ በብርሃን ያገላብጡት፤ ሸክላ ሲቆይ በአንገቱ ዙሪያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለብ ባለ ውሃ ያለ ሳሙና ይጠቡት፤ ሸክላ የሳሙና ጣዕም ይይዛል። ከዚያ ውሃ ብቻ ሞልተው በቀስታ እሳት ያፍሉና ይድፉት፤ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ሆኖ ቢወጣ አይደንግጡ፤ እናትዎ ያፈሉት የመጨረሻው ቡና ነው።